አይሞቴና ዓይን አፋር፦ የጋሼ አጉሊ የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የሚነበበው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ጸሐፊው፣ ማለትም እኚህ ሰው እንደ አብራክ ልጃቸው ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ፣ አንዲት ነገር ከራሱ ጨምሮ ቢገኝ የአባቱ አጥንት ይፋረደው።

የዕፅዋት ሊቅ የነበሩት፣ በሰፈርም በመሥሪያ ቤትም «ጋሼ አጉሊ» በመባል የሚታወቁት አባታችን ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በየካቲት ወር 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አንድ ክፍል ነበር፤ በአንዱ ጥግ አልጋው፣ በሌላው ጥግ አባታቸው ቁልፍ የሚሞርዱበት ጠረጴዛ። በመስኮቱ ሥር ከሲሚንቶው ስንጥቅ አንድ ወይን ጠጅ አበባ በቅሎ ነበር። ሕፃኑ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት እናታቸውን ሳይሆን ይህን አበባ እንደ ነበር፣ እናታቸውም በዚህ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ቅር እንደተሰኙ ከታማኝ ምንጭ ተረጋግጧል።

በ1949 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርት ላይ የነበራቸው ጉብዝና ተነግሮ አያልቅም። አንድ ጊዜ ብቻ አሥራ ዘጠነኛ የወጡ ሲሆን፣ እሱም ሌሎቹ አሥራ ስምንት ልጆች በማይታወቅ ምክንያት ስለቀደሟቸው ነው። አምስተኛ ክፍል ሳሉ የሳይንስ መምህራቸው አንድ አበባ አንስተው ስሙን ሲጠይቁ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይሞቴ» አለ። እሳቸው ግን እጃቸውን አውጥተው «ግንዱን ሳላይ አልናገርም» አሉ። መምህሩ እንደ ድፍረት ቆጥረው ከክፍል አስወጧቸው። በማግስቱ ግን ጠርተው፣ የራሳቸውን አጉሊ መነጽር በክር አስረው አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። ያ መነጽር ከስልሳ ዓመት በላይ ከአንገታቸው አልወረደም፤ ቅጽል ስሙም በዚያው ተጣበቀባቸው። በኋላ ዘመን የቤተሰቡ ሰው «በዚህ ቤት ሁለት አጉሊ አለ፤ አንዱ በመነጽር ያጎላል፣ አንዱ በአፉ» እያለ ይቀልድ ነበር። ሁለተኛው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በ1962 ዓ.ም. በዕፅዋት ናሙና ክፍል በለጣፊነት ተቀጠሩ። ክፍሉ በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ የሚገኝ፣ ግድግዳው በብረት ቁም ሣጥን የተሞላ፣ ገና ከደረጃው ጀምሮ የብል መድኃኒት የሚሸት ነበር። ሥራው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተጨፍልቆ የደረቀን ተክል በጠንካራ ወረቀት ላይ በሙጫ መለጠፍና ከሥሩ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና ስሙን የያዘ ካርድ ማኖር ነው። ጋሼ አጉሊ አንድም ቅጠል ሳይሰብሩ በቀን ዘጠና ናሙና ይለጥፉ ነበር። ይህን የሰማ የባሕር ማዶ ሊቅ ሊጎበኛቸው መጥቶ፣ ለካ ቅዳሜ ኖሮ፣ ክፍሉ ተዘግቶ ስላገኘው እያዘነ ተመልሷል። በማታው ክፍለ ጊዜ ተምረው በ1970 ዓ.ም. ሲመረቁ ከለጣፊነት ወደ ባለሙያነት አደጉ።

በ1966 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ጋር ትዳር መሠረቱ። ከጋብቻው በፊት ስምንት ወር ሙሉ ካርዶቹን ለማስተየብ በቀን አንድ አንድ እየያዙ ሁለት ፎቅ ይወርዱ ነበር። ታይፒስቷ አንድ ቀን ታክቷቸው «ሁሉንም አንድ ላይ ብታመጣቸው እኮ እግርህም ያርፍ ነበር» ሲሏቸው፣ «እግሬ አልከሰሰኝም» ብለው መለሱ። ከዚህ ትዳር በ1968 እና በ1971 ዓ.ም. ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ብቸኛ እህታቸው ስላረፉ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ወደ ቤታቸው አምጥተው አሳደጉ። ሴቶቹ ልጆቻቸው ሲያጠፉ ይቆጡ ነበር። የእህታቸው ልጅ ሲያጠፋ ግን ወደ መስኮቱ ዞረው ይቆማሉ። ባለቤታቸው «ምነው ዝም አልከው?» ሲሏቸው «እሷ ብትኖር ትቆጣው ነበር» ይሉ ነበር። በዚህ የተነሳ ልጁ እጅግ ጨዋ፣ ምግባረ ሰናይና ሐቀኛ ሆኖ አደገ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በ1984 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ጋሼ አጉሊ አውቶቡሱ የሚዞርበት የመጨረሻው ፌርማታ ወርደው ከአንዲት ኮረብታ ሥር ደረሱ። በኮረብታዋ ግርጌ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳቸው ላይ በእግር የሚረገጠውን መኪናቸውን ተክለው ይሠራሉ። ከቤታቸው ጀርባ፣ በነጩ ጠጠር ላይ፣ አይሞቴ የሚመስል ወይን ጠጅ አበባ ነበር። ጋሼ አጉሊ ተንበርክከው ግንዱን በመነጽር አዩት። ከዚያም ልብስ ሰፊው ዘንድ መጥተው ውሃ ለመኑ። ልብስ ሰፊው በኋላ ሲናገሩ «ሰው ሞቶበት የመጣ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት» ብለዋል።

ሁለቱን አበቦች ለማያውቅ ሐዘንተኛ፣ ጋሼ አጉሊ ለሠላሳ ዓመት ራት ላይ ሲያስተምሩን የኖሩትን እነሆ። አይሞቴና ዓይን አፋር እንደ ሰው ቢታሰቡ የአክስት ልጆች ናቸው። ቤተሰባቸው አንድ ነው። ወገናቸውም አንድ ነው። ሁለቱም አበባቸው ደወል ይመስላል። የሚለያዩት ዝርያ ላይ ሲደረስ ነው። የአይሞቴ ግንድ እንደ ጎረምሳ ጉንጭ ጠጉር ያወጣ ሲሆን የዓይን አፋር ግንድ ልሙጥ ነው። የአይሞቴ የዘር ከረጢት ሲደርቅ በሦስት ይሰነጠቃል፤ የእሷ በሁለት። እሱ ከጠዋት እስከ ማታ አፉን ከፍቶ ይውላል፤ እሷ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ትከደናለች፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። በኑሮ ደግሞ ጨርሶ አይገናኙም። አይሞቴ በመንገድ ዳር፣ በጣሪያ አሸንዳ፣ በኳስ ሜዳ ጥግ ይበቅላል፤ እዚህ ስትመጡ እያንዳንዳችሁ ቢያንስ ሁለት መቶ ረግጣችኋል፤ ምንም አልሆነም። ዓይን አፋር ግን በዚህች ምድር ላይ የነበረችው በዚያች አንዲት ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ጎኗ።

ጋሼ አጉሊ በየዓመቱ በአበባ ወራት እየሄዱ አንድ በአንድ ይቆጥሯት ነበር። ልብስ ሰፊው ከመኪናቸው ላይ ቀና ሳይሉ «አንተ ሰው፣ ዛሬም ሣር ልትቆጥር መጣህ?» ይሏቸዋል።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሳለች።»

«የእኔ ደንበኛ እንኳ ይህን ያህል ሞልቶ አያውቅም።»

«ያንተ ደንበኛማ ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ ነው» ይላሉ ጋሼ። ሁለቱ በዚህ ይስቃሉ። ልብስ ሰፊው የከሰል ካውያቸውን አንስተው የእርጥቡን ጋዜጣ ጀርባ ይተኩሱላቸዋል፤ ናሙናው ቶሎ እንዲደርቅ።

ስለዚህ በቤታችን «ጋሼ የት ሄዱ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ «ሰፊ ጋ» ነበር። በእኛ ቤት አፍ ሰፊ ማለት ልብስ ሰፊው፣ ሰፊ ማለት ኮረብታዋ፣ ሰፊ ማለት ዓይን አፋር ነበረች። የውጭ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

በ1995 ዓ.ም. ኮረብታዋ ለጠጠር ማምረቻ ተጠየቀች። የዕፅዋት ጥበቃ ኮሚቴ በጉዳዩ ላይ ከመወሰኑ በፊት የሁለቱ አበቦች ካርድ በአዲስ ተጽፎ እንዲመጣለት የጋሼ አጉሊን ክፍል ጠየቀ። ዓይን አፋር ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗና ለመጥፋት የተቃረበች መሆኗ ከተመዘገበ ኮረብታዋ አትነካም። ከአይሞቴ ጋር ከተደባለቀች ግን አለቀላት። ጋሼ አጉሊ አሥራ አንድ ዓመት የቆጠሩት ለዚህች ቀን ነበር።

በዚያ ሳምንት ታይፒስቷ ባለቤታቸው የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የጽሕፈት መኪናው እንደተሸፈነ ነበር፤ ካርዶቹ በእጅ መጻፍ ነበረባቸው። በክፍሉ ውስጥ የእህታቸው ልጅም በጋሼ ልመና በካርድ ጻፊነት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት አራት መሥሪያ ቤቶች ሞክሮ አራቱም ለችሎታው ጠበውት ነበር። እዚህ ግን በሰባት ወሩ የክፍሉ ምሰሶ ሆነ፤ ያለ እሱ በር አይከፈትም ነበር፣ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እሱ ኪስ ውስጥ ስለሚረሳ። ሆኖም የእነዚህን ሁለት ካርዶች ነገር ጋሼ አጉሊ ለማንም አላመኑም። ሆስፒታል እንዳይዘገዩ እየተጣደፉ በገዛ እጃቸው ጻፏቸው። የእህታቸው ልጅ «ጋሼ፣ ይህቺ ቃል አጠረች፣ ትዘረዘር» ብሎ አጥብቆ አስጠንቅቋቸው ነበር። አልሰሙም።

በአይሞቴ ካርድ ላይ «የሚገኝበት ቦታ፦ በየስፍራው» ይላል። በዓይን አፋር ካርድ ላይ «የሚገኝበት ቦታ፦ ሰፊ» ይላል።

የኮሚቴው ጸሐፊ ካርዱን ለተሰብሳቢው ሲያነቡ «ፊ»ን አጥብቀው አነበቡት። አንድ ፊደል ጠበቀ፤ ኮረብታዋ ከዳር እስከ ዳር ሰፋች። ሁለቱም በሰፊ ቦታ የሚገኙ ከሆነ፣ አበባቸውም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለየብቻ መመዝገቡ ምን ይጠቅማል ተባለ። ሁለቱ በአንድ ስም ተጠቃልለው «ስጋት የሌለበት» ተብለው ተመዘገቡ። ኮረብታዋ ለጠጠር ተፈቀደች።

ጋሼ አጉሊ ይህን በሰሙበት ሐሙስ የኮሚቴውን በር ሳያንኳኩ ገቡ። በሕይወታቸው በር ሳያንኳኩ የገቡት ያን ቀን ብቻ ነው። ላብ በላብ ሆነው «ሰፊ ማለት እኮ ሰፊ ማለት አይደለም፤ ሰፊ ማለት ነው» አሉ።

ሰብሳቢው «ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ እስቲ፣ ውሃ ይምጣልዎ» አሉ።

«ላልቶ ነው የሚነበበው። ልብስ ሰፊ። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ቤት ነው። ከቤቱ ጀርባ ብቻ ነው ያለችው።»

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቁም፤ ካርዱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። ከዚያም «ደንቡን ያውቁታል፣ ጋሼ» አሉ። «ይህ ጻፊ ሲገለብጥ የሠራው ስህተት ከሆነ አሁኑኑ አርመን ውሳኔውን እናግዳለን፤ ጻፊው ግን ዛሬውኑ ከሥራ ይሰናበታል። ባለሙያው ራሱ የጻፈው ከሆነ ግን ምስክርነት ነው። ምስክርነት በቃል አይታረምም። አበባው በሚያብብበት ወራት አዲስ ጥናት ይቀርብበታል፤ እስከዚያ ውሳኔው ይጸናል። ካርዱን የጻፈው ማነው?»

ጊዜው ታኅሣሥ ነበር። ዓይን አፋር የምታብበው መስከረም ነው። ጋሼ አጉሊ መነጽራቸውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ በመሐረብ ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ጠረጉት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስህተቱን በበታቹ ያላክክ ነበር። እሳቸው ግን ያጠፉትን አጠፋሁ የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ልጅ ሁሉ ከዚህ ይማር።

የጠጠር ማምረቻው ማሽን ግንቦት ላይ መጣ። የእህታቸው ልጅ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ማሽኑ ፊት ቆሞ እንዳያልፍ ከልክሏል። ሾፌሩ በንግግሩ ልቡ ተነክቶ እንዳለቀሰና ሁለት ጊዜ ሞተር እንዳጠፋ የዓይን ምስክር አለ፤ እሱም ራሱ የእህታቸው ልጅ ነው። በአራተኛው ቀን ግን ሌላ ሾፌር ተላከ። ጋሼ አጉሊ ቀድመው ነቅለው ወደ ግቢያቸው ያዛወሯቸው ስድሳ ሥሮች በሳምንት ውስጥ ደረቁ፤ ዓይን አፋር ከዚያ ነጭ ጠጠር ውጭ ሥር አትሰድም። በፖስታ ውስጥ ያስቀመጧቸውን ሠላሳ አንድ ዘሮች በወተት ጣሳ ዘሯቸው። ዘጠኙ በቀሉ። አንዱም አላበበም። መስከረም ሲመጣ የሚጠናም የሚቆጠርም አልነበረም።

በመሥሪያ ቤት ስማቸው ወደቀ። «የገዛ አበባውን በገዛ እጁ የገደለ» ተባሉ። አዲስ የሚቀጠሩ ጻፊዎች በሥልጠናቸው የመጀመሪያ ቀን ካርዷ እንደ መጥፎ ምሳሌ ትቀርብላቸው ነበር። ጋሼም አንድ ቀን በዚያ ክፍል በር ሲያልፉ ይህንኑ ሰምተው፣ ጫማቸው ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብለው አለፉ። በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የሽኝት ንግግር የሚያደርግ ሰው ጠፍቶ የእህታቸው ልጅ አደረገ፤ ንግግሩ አርባ ደቂቃ የወሰደ ሲሆን አዳራሹ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በዚያ አውቶቡስ ተሳፍረው አያውቁም። እንግዳ መጥቶ «ቤታችሁ ሰፊ ነው» ሲል ብርጭቆ ለማንሳት ጎንበስ ይላሉ።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ መጣ። ወጣት ተመራማሪዎች ቁም ሣጥኑ ውስጥ የቀሩትን ሰባት ደረቅ ናሙናዎች መርምረው ጋሼ አጉሊ ልክ እንደ ነበሩ አረጋግጠዋል፤ ዓይን አፋር ከአይሞቴ የተለየች፣ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት። በዚያው ገጽ፣ ከስሟ ቀጥሎ፣ ያለችበት ሁኔታ ተጽፏል፦ የጠፋች። ልደቷም ሞቷም በአንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጋሼ በመነጽራቸው ሁለት ጊዜ አንብበው አጠፉት፤ «ዝርያውስ ልክ ነበር» አሉ፤ ሻይ ለመኑ፤ የመጣላቸውን ሻይ ግን አልጠጡትም። እኛ የቤት ሰዎች ያን ጊዜ አንድ ነገር ልንላቸው ይገባ ነበር። ስለ አየሩ አወራን።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሲታመሙ፣ በሆስፒታልም በቤትም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። በመጨረሻው ሳምንት ትንፋሽ እያጠራቸው የሚናገሩት ጥቂት ነበር። የእህታቸው ልጅ ትራሳቸውን ሲያስተካክል እጁን ይዘው «ሥራው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። አሁን የክፍሉ ኃላፊ መሆኑን፣ ሥሩ አሥራ አራት ሰው እንዳለ ነገራቸው። ያሉት አምስት ናቸው፤ የደከመ ሰው ለማስደሰት ግን ቁጥር ቢጨመር ኃጢአት አይደለም። «ደግ» አሉ ጋሼ፤ እጁንም ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

ጋሼ አጉሊ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ እንደ ልጅ ያሳደጉትን የእህታቸውን ልጅና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ስማቸውን በትክክል በሚነበብበት መዝገብ ያስፍርልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ያድልልን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ለባለቤታቸው ተነበበላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው፣ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙት። የባሕር ማዶው ሊቅ ጉብኝት ሲነበብ ፈገግ አሉ። ሲያልቅ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ካርዱን እሱ አልጻፈውም» አሉ።

የእህታቸው ልጅ «እትዬ፣ ራሳቸው እኮ ናቸው ኮሚቴው ፊት...» ብሎ ጀመረ።

«ብሏል። ያን ዕለት ከእነሱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሁለቱም ዓይኔ ታስሮ ነበር፤ በአካሄዱ ነው ያወቅሁት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ‹ከልብስ ሰፊው ቤት ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ብቻ ብዬ የሰጠሁትን ልጁ በቤታችን አፍ አሳጥሮ ጻፈው› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን አልተናገርክም?› አልኩት። ‹ይቺ አምስተኛ ሥራው ናት፤ ከዚህ ከወጣ ማን ይቀበለዋል? አበባዋን ሌላ ቦታ ፈልጌ አገኛታለሁ› አለ። ፈለገ። አላገኘም።»

የእህታቸው ልጅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ማሽኑ ፊት ቆምኩ ያልከውም አልሆነም» አሉ ባለቤታቸው፣ ያለ ቁጣ። «አንተ ያን ሳምንት ቤት ተኝተህ ነበር፣ አሞኛል ብለህ። ማሽኑ ኮረብታውን ሲቆርስ በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያየው ጋሼህ ብቻውን ነው።»

የእህታቸው ልጅ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አለ።

«እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር። ‹ለእሱ ብዬ እንደሆነ ካወቀ ቀና ብሎ አይሄድም› አለኝ።» ወረቀቱንና ብዕሩን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። «ይህንንም ከሥሩ ጻፈው። አታሳጥረው።»